የአንድ ሳምንት ወረቀት

የሙዚቃ ድግስ ማስታወቂያ ዕድሜው አጭር ነው። ሰኞ ይለጠፋል፤ ቅዳሜ ድግሱ ይደረጋል፤ በሳምንቱ ሌላ ወረቀት ይደረብበታል። ታዲያ ለአንድ ሳምንት የታተመ ወረቀት ፊርማ ሰፍሮበት፣ በክፈፍና በመስታወት ታጥሮ፣ ስድሳ ዓመት ገደማ ቆይቶ በሰብሳቢዎች ግድግዳ ላይ ለመሰቀል እንዴት በቃ? ይህን ጥያቄ ባነሣሁ ቁጥር ሐሳቤ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ያመራል።

እ.ኤ.አ. በ1966 በዚያች ከተማ ሁለት የሮክ አዳራሾች ይፎካከሩ ነበር። ፊልሞርን የሚያስተዳድረው በበርሊን ተወልዶ በልጅነቱ ከናዚዎች ያመለጠው ቢል ግራሃም ሲሆን፣ አቫሎን ደግሞ «ፋሚሊ ዶግ» በተባለው ቡድን እጅ ነበር። ሁለቱም ለየድግሱ አዲስ ፖስተር ያሠሩ ነበር። ዌስ ዊልሰን ከቪየናው ሠዓሊ ከአልፍሬድ ሮለር ፊደላት ተምሮ፣ ቃላቱን እንደ ነበልባል እያጣመመ ባዶ ቦታ እስኪጠፋ ድረስ ሞላቸው። በዬል ዩኒቨርሲቲ የጆሴፍ አልበርስ ተማሪ የነበረው ቪክተር ሞስኮሶም የተማረውን የቀለም ሕግ ገልብጦ፣ ዓይን የሚያጭበረብሩ ቀለሞችን ጎን ለጎን አኖረ። ማስታወቂያ ከሩቅ ይነበብ የሚለው ደንብ ተሻረ፤ መንገደኛው ቀርቦ፣ ቆሞ፣ ፊደል እንደሚቆጥር ሕፃን ለማንበብ ተገደደ።

ለሥነ ጽሑፍ ወዳጅ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የስታንሊ ማውስና የአልተን ኬሊ ሥራ ነው። በዚያው ዓመት ለግሬትፉል ዴድ ድግስ ምስል ሲፈልጉ፣ እንግሊዛዊው ሠዓሊ ኤድመንድ ሰሊቫን ለዑመር ኻያም ሩባያት የሣለውን ጽጌረዳ የተጎናጸፈ አፅም በከተማዋ ቤተ መጻሕፍት አገኙ። የሰውን አላፊነት የተቀኘው የፋርስ ባለቅኔ በዚህ መንገድ ከሁሉ ይበልጥ አላፊ በሆነ ወረቀት ላይ ወጣ።

ወረቀቶቹን ከጥፋት ያዳናቸው ሙዚየም አልነበረም። ወጣቶች ገና እንደተለጠፉ እየገነጠሉ ይወስዷቸው ነበር፤ ግራሃምም ለታዳሚው በነጻ ያድላቸው ጀመር። ከዚያም በየመኝታ ክፍላቸው በስፒል ሰቀሏቸው።

ገበያው ዛሬ የሚሻው ሌላ ነው፤ እድፍ የሌለበት፣ ከድግሱ በፊት የታተመ የመጀመሪያ ኅትመት፣ በላዩም ፊርማ። የማን ፊርማ? ብዙው ሰው የሙዚቀኛውን ይመርጣል። እኔ ግን የሠዓሊውን አስበልጣለሁ። ሙዚቀኛው ድምፁን በሸክላ ትቶልናል፤ ሠዓሊው ከዚያ ምሽት የተረፈው ይህ ወረቀት ብቻ ነው። ዊልሰን በ1967 በክፍያ ምክንያት ከግራሃም ጋር ተጣልቶ ከፊልሞር ተለየ። ከዓመታት በኋላ በሥራዎቹ ላይ ያኖረው ፊርማ «ይህ የእጄ ሥራ ነው» የሚል የዘገየ ምስክርነት ሆኖ ይታየኛል። ኬሊ በ2008፣ ዊልሰንም በ2020 ዐርፈዋልና ከእንግዲህ የሚጨመር ፊርማ የለም።

የቀረውን መጠበቅ የክፈፉ ድርሻ ነው። ብርሃን ቀለምንም ፊርማንም ያደበዝዛል፤ አሲድ ያለበት ካርቶን ወረቀትን ያበልዛል። ስለዚህ ጠንቃቃ ባለሙያ ጨረር የሚከላከል መስታወት ይመርጣል፤ ወረቀቱንም ከመስታወቱ ያርቀዋል፤ በሙጫ አያጣብቀውም። ሆኖም ብዙ ጊዜ የካርቶኑ ጠርዝ የወረቀቱን ዳርና የስፒሉን ቀዳዳ ይሸፍናል። እኔ ብጠየቅ ዳሩ ይታይ እላለሁ። በዚያ ወረቀት ላይ ሠዓሊው ስሙን በእጁ ጽፏል፤ ከግድግዳ ገንጥሎ ያዳነው፣ ስሙ ያልታወቀው ወጣት ደግሞ ፊርማውን በስፒል አኑሯል።