የሴቶች መዋጮና የሕፃናት ልብ

ስለ ሕፃናት የልብ ሕክምና ታሪክ ሲወራ በቅድሚያ የሚነሡት ሐኪሞቹ ናቸው። እኛ ግን መዋጮ እየሰበሰብንና መዝገብ እየያዝን የምንውል ሴቶች ስለሆንን ታሪኩን ከገንዘቡ እንጀምራለን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በአሜሪካ ባልቲሞር ከተማ የጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል በ1889 ተከፈተ፤ የሕክምና ትምህርት ቤቱን ለመክፈት ግን ገንዘብ አጠረ። የከተማዋ ሴቶች ኮሚቴ አቋቋሙ፤ በሌሎች ከተሞች ያሉ ሴቶችንም አስተባብረው ማዋጣት ጀመሩ። ገንዘቡን የሚሰጡት ግን ሴቶች ከወንዶች እኩል፣ በአንድ ዓይነት መስፈርት ተማሪ ሆነው የሚገቡ ከሆነ ብቻ ነበር። የተጠየቀው ግማሽ ሚሊዮን ዶላር ነው። መዋጮው አልሞላ ሲል ከአስተባባሪዎቹ አንዷ የሆነችው ሜሪ ኤልዛቤት ጋሬት ከ300,000 ዶላር በላይ ከራሷ ጨምራ ጉድለቱን ሸፈነች። ትምህርት ቤቱ በ1893 ሲከፈት ሴቶችም ገቡ።

ከ34 ዓመት በኋላ፣ በ1927፣ ሔለን ታውሲግ ከዚያው ትምህርት ቤት በሐኪምነት ተመረቀች። በተወለደችበት አካባቢ ያለው ሃርቫርድ በዚያን ዘመን ለሴት የሕክምና ዲግሪ አይሰጥም ነበር። ታውሲግ በልጅነቷ ማንበብ ያስቸግራት ነበር፤ ካደገች በኋላ ደግሞ ጆሮዋ እየደከመ ስለሄደ የሕፃናቱን የልብ ምት በጣቶቿ እየዳሰሰች መለየት ለመደች።

ወደ እርሷ ክሊኒክ ከሚመጡት መካከል ከንፈራቸውና ጥፍራቸው የሚጠቁር፣ ጥቂት ሲራመዱ የሚደክሙ ልጆች ነበሩ። ሲወለዱ ጀምሮ ልባቸው ውስጥ ቀዳዳ አለ፤ ወደ ሳንባ የሚወስደው የደም መንገድም ጠባብ ነው። ስለዚህ ደማቸው በቂ ኦክስጅን አያገኝም። ታውሲግ አንድ ነገር አስተዋለች። ሕፃን በማህፀን ሳለ ክፍት ሆኖ የሚቆይ፣ ከተወለደ በኋላ ግን የሚዘጋ ትንሽ የደም ቧንቧ አለ። ይህ ቧንቧ ሳይዘጋ የቀረላቸው ልጆች ይሻላቸዋል፤ ሲዘጋ ይብስባቸዋል። እንግዲያው በቀዶ ሕክምና ተመሳሳይ መንገድ ቢሠራላቸውስ? በቦስተን የነበረን አንድ ታዋቂ ቀዶ ሐኪም ጠየቀች፤ አልተቀበላትም። በኋላ ወደ ባልቲሞር የመጣው አልፍሬድ ብሌሎክ ተቀበላት።

የሙከራውን ሥራ በእንስሳት ላይ የሠራው ግን የብሌሎክ ረዳት ቪቪየን ቶማስ ነበር። ቶማስ ጥቁር አሜሪካዊ አናጢ ነበር፤ ለኮሌጅ ያጠራቀመው ገንዘብ በኢኮኖሚው ቀውስ ጊዜ ባንኩ ሲከስር ጠፋበት። በቤተ ሙከራ የተመራማሪ ሥራ እየሠራ ለዓመታት የተከፈለው የጽዳት ሠራተኛ ደመወዝ ነበር። ኅዳር 29 ቀን 1944 ብሌሎክ የመጀመሪያዋን ሕፃን ሲቀድ ቶማስ ከኋላው ቆሞ ይመራው ነበር። ወደ ክንድ ከሚሄደው የደም ሥር አንዱን ወደ ሳንባው ቧንቧ ቀጠሉት። ያች ሕፃን የኖረችው ጥቂት ወራት ብቻ ነው፤ ከእርሷ በኋላ ግን ብዙ ልጆች ዳኑ። በ1945 በወጣው ጽሑፍ የብሌሎክና የታውሲግ ስም ሰፈረ፤ የቶማስ አልሰፈረም። የክብር ዶክትሬት የተሰጠው በ1976 ነው።

በአገራችንም መንገዱን የከፈተው መዋጮ ነው። ዶክተር በላይ አበጋዝ የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃውን በ1989 ሲመሠርቱ የልብ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልጋቸው ልጆች ተስፋቸው ውጭ አገር መላክ ነበር። በሕዝቡና በለጋሾች ድጋፍ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ማዕከሉ በ2009 ሥራ ጀመረ። ዛሬም ወረፋ የሚጠብቁ ልጆች ብዙ ናቸው።

እህቶች፣ ወረፋው ረጅም በመሆኑ ቶሎ ማወቁ ይጠቅማል። ጡት ሲጠባ የሚያልበውና የሚደክመው፣ ክብደት የማይጨምር፣ ሲያለቅስ ከንፈሩና ምላሱ የሚጠቁር፣ ሲጫወት በየመሀሉ ቁጢጥ ብሎ የሚያርፍ ልጅ ካለ ሐኪም ይየው። እያደገ የሄደ ልጅም ሲሮጥ ራሱን ከሳተ በቸልታ አይታለፍ፤ የልብ ምት መዛባት ሊሆን ይችላል። «ቡዳ ነው»፣ «ብርድ መቶት ነው» እየተባለ ጊዜ አይለፍ። «በእርግዝናዋ ጊዜ ምን አድርጋ ይሆን» እየተባለም እናት አትወቀስ፤ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ይህ ነው ተብሎ የሚታወቅ አይደለም።

ለማኅበራችንም ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንወስዳለን። ቅድመ ሁኔታ ከለጋሽ ብቻ ይመጣል ብለን ለምደናል። የባልቲሞር ሴቶች ያዋጡት ገንዘብ ለማን በር እንደሚከፍት ራሳቸው ወስነው ነበር፤ እኛም የቁጠባችንን ትርፍ ስንመድብ በስብሰባ ተነጋግረን ለምንና ለማን እንደሆነ በቃለ ጉባኤ እናስፍር። ሁለተኛው የቶማስ ነገር ነው። ከእኛ መካከል የአባል ልጅ ሲታመም ሆስፒታል ወረፋ ይዛ የምታድር፣ የቀሩትን ልጆች የምታበላ፣ ገበያ ሳትወጣ የምትውል እህት አለች። ይህ በብር ስላልተከፈለ በዓመቱ ሪፖርት አይታይም። ከሚቀጥለው ሪፖርት ጀምሮ የጉልበትና የጊዜ መዋጮ የሚል ዓምድ ተጨምሮ፣ ስማቸው ከገንዘብ ሰጪዎች እኩል እንዲሰፍር ለጠቅላላ ጉባኤው ሐሳብ እናቀርባለን።