የቀለበት ሚዛን፦ ብር፣ ወርቅና ቃል ኪዳን ከባሌ እስከ ሮም



የዛሬው ንግግሬ መነሻ አንዲት ትንሽ ዕቃ ናት። አያቴ ከጣሊያን መባረር በኋላ በጎባ ስትዳር በጣቷ ያጠለቀቻት የብር ቀለበት ናት። ልጄ በመጪው ጥር ልታገባ ነው፤ ቀለበቷም ከዚህችው ብር እንዲሠራላት ጠየቀችኝ። ስለዚህ ባለፈው ወር ወደ አንድ ወርቅ ቤት ይዣት ሄድሁ። ሠራተኛው ሚዛን ላይ አስቀመጣትና «3.1 ግራም» አለኝ። በመዳፍ በኩል ያለው ጎኗ ሳስቶ ውፍረቱ ከ1 ሚሊ ሜትር በታች መውረዱንም በመለኪያ አሳየኝ። «አቅልጠን ብር ካልጨመርንባት ዕድሜ ያለው ቀለበት አይወጣትም» ካለ በኋላ፣ «ስንት ግራም ይሁን? ውፍረቱስ?» ሲል ጠየቀኝ።

ጥያቄው ተራ የገበያ ጥያቄ ነው። እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ታሪክ ሳስተምር ኖሬ መልስ አጣሁለት። ከእኛ በፊት የቀለበትን ክብደት ማን ይወስን ነበር? በምን ሚዛንስ? ዛሬ ላካፍላችሁ የምሻው ይህ ጥያቄ ወዴት እንደ መራኝ ነው።

በቅድሚያ ስሌቱን እንመልከት። የውስጥ ዲያሜትሩ 18 ሚሊ ሜትር፣ የፊቱ ስፋት 4 ሚሊ ሜትር የሆነ ጌጥ የሌለው ቀለበት እንውሰድ። በ18 ካራት ወርቅ ሲሠራ ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር ከሆነ 3.7 ግራም ያህል ይመዝናል፤ 1.5 ሚሊ ሜትር ከሆነ 5.7 ግራም፣ 2 ሚሊ ሜትር ከሆነ 7.8 ግራም ያህል ይሆናል። ብር ከወርቅ ስለሚቀል ባለ 1.5 ሚሊ ሜትሩ በብር 3.8 ግራም፣ ባለ 2 ሚሊ ሜትሩ 5.2 ግራም ገደማ ነው። በገዢው ዓይን ልዩነቱ የግማሽ ሚሊ ሜትር ጉዳይ ነው። በጣት ላይ ግን የዕድሜ ጉዳይ ይሆናል። ቀጭን ቀለበት ይጎብጣል፤ ልብስ ሲታጠብ፣ ሊጥ ሲቦካ፣ ሙቀጫ ሲያዝ ከዓመት ዓመት ይሳሳል። ውፍረት ማለት ለሚመጡት ዓመታት የተቀመጠ መጠባበቂያ ነው።

ይሁን እንጂ ክብደትን የሚወስነው የብረቱ ጠባይ ብቻ አልነበረም። ከሮቤ በስተ ምሥራቅ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የዌብ ወንዝ ተራራውን ሰንጥቆ የሚያልፍበትን፣ 15 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመውን የሶፍ ዑመር ዋሻ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ስሙን ያገኘው ከሼህ ሶፍ ዑመር ነው፤ ለባሌ ሙስሊሞችም የተከበረ ስፍራ ነው። ወደዚያ የሚጓዘው አማኝ የሚያውቀው የሃይማኖት ሕግ ስለ ቀለበት የሚለው አለው። በሱኒ ሕግ ወንድ የወርቅ ቀለበት አያደርግም፤ የብር ቀለበት ግን ተፈቅዶለታል። የሐነፊ መዝሀብ ሊቃውንት የወንድ የብር ቀለበት አንድ ሚስቃል እንዳይሞላ ወስነዋል። በሻፊዒ መዝሀብ ጎልቶ የወጣው አስተያየት ደግሞ ቁርጥ ያለ ቁጥር ከማስቀመጥ ይልቅ ከአገሬው ልማድ እንዳያልፍ የሚል ነው። ሚስቃል 4.25 ግራም ያህል ነው። ቀደም ሲል ያሰላናቸውን ሁለቱን የብር ቀለበቶች በዚህ ሚዛን ብናያቸው ባለ 1.5 ሚሊ ሜትሩ ያልፋል፤ ባለ 2 ሚሊ ሜትሩ ግን ይከለከላል። ሕጉ የተደነገገው ለጋብቻ ቀለበት ተብሎ ባይሆንም፣ ምልክት ከልኩ አልፎ ሀብት እንዳይሆን የተበጀ ወሰን ነው ብዬ እረዳዋለሁ። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓተ ተክሊልም ካህኑ ቀለበቱን ይባርካል እንጂ አይመዝንም።

የሚመዝነው አንጥረኛው ነበር፤ የሚመዝነውም በጠገራ ብር ነበር። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ በ1780 እ.ኤ.አ. ካረፈች በኋላ ያው ዓመት ተጽፎበት መመታቱን የቀጠለው ይህ ገንዘብ 28.07 ግራም ይመዝናል፤ ከሺህ እጁ 833ቱ ንጹሕ ብር ሲሆን ቀሪው በአብዛኛው መዳብ ነው። በአገራችን ገንዘብም ሚዛንም ጥሬ ዕቃም ሆኖ አገልግሏል። ወርቅ የሚለካበት ወቄት ክብደቱ ከአንድ ጠገራ ብር ጋር ይስተካከል ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. በስማቸው ያስመቱት ብርም ከዚሁ ክብደት አልራቀም። ጌጥ የሚያሠራ ሰው ጠገራውን ለአንጥረኛው ይሰጣል፤ አንጥረኛውም አቅልጦ አምባሩን፣ መስቀሉን ወይም ቀለበቱን ይሠራለታል። ከአንድ ጠገራ የአያቴን ዓይነት ባለ 1.5 ሚሊ ሜትር ቀለበት ሰባት ያህል ይወጣል። ክፉ ቀን ሲመጣ ጌጡ ተመልሶ በክብደቱ ይሸጣል። እንግዲህ የቀለበት ክብደት የትዳር ምልክት ብቻ ሳይሆን የቤት ተቀማጭ ገንዘብ ልክም ነበር ማለት ነው። የቆየው የጋብቻ ውላችን ስም ራሱ «ሰማንያ» የሚል ቁጥር መሆኑ ጋብቻና ቁጥር በእኛ ዘንድ ሩቅ ለሩቅ እንዳልነበሩ ያስታውሰናል።

ቀለበት እንደ ምልክት የሚከበርበትና እንደ ብረት የሚመዘንበት መንገድ ፊት ለፊት የተጋጩበት ዘመን ግን አለ። የተጋጩትም በእኛው አገር ምክንያት ነው። ጣሊያን መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ወረረች። የመንግሥታቱ ማኅበር የጣለባት የኢኮኖሚ ማዕቀብ ኅዳር 8 ቀን ሥራ ላይ ዋለ። ልክ በወሩ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን፣ የሙሶሊኒ መንግሥት «የቀለበት ቀን» አወጀ። ቃሉ በጣሊያንኛ «ፌዴ» ነው፤ የጋብቻ ቀለበትም እምነትም ማለት ነው። ንግሥት ኤሌና በሮም በስም የለሹ ወታደር መቃብር ፊት ቆማ የራሷንና የንጉሡን ቀለበት ሰጠች፤ ሌሎች እናቶችና ሚስቶች ተከተሏት። በሮም ብቻ ከ250,000 በላይ ቀለበቶች እንደ ተሰበሰቡ ይነገራል። ደራሲው ፒራንዴሎም ከዓመት በፊት ያገኘውን የኖቤል ሜዳሊያ ሰጠ። ለሰጪዎቹ በምትኩ «ወርቅ ለአባት አገር» የሚል ጽሑፍ ያለበት ርካሽ የብረት ቀለበት ታደላቸው። የተሰበሰበው ወርቅ ቀልጦ ጡብ ሆነ።

ይህ ዘዴ አዲስ አልነበረም። ፕሩሲያ በ1813 እ.ኤ.አ. ከናፖሊዮን ጋር ስትዋጋ ሴቶች ወርቃቸውን ሰጥተው የብረት ጌጥ ተቀብለው ነበር። ከዚያም እጅግ ቀደም ብሎ፣ በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ በዘመኑ ለእጮኛ ይላክ የነበረው ፈርጥ የሌለው የብረት ቀለበት መሆኑን ጽፏል። ቀለበት ቀለበት የሚሆነው በብረቱ ዋጋ እንዳልሆነ ሮማውያን ራሳቸው ያውቁ ነበር። የ1928ቱ መንግሥት ግን የሚስቶችን ቃል ኪዳን በግራም ቆጠረው። አንዳንድ ሴቶች ሌላ ርካሽ ቀለበት ገዝተው በመስጠት እውነተኛውን ደብቀው ማቆየታቸው ይነገራል። ስለዚያ ዘመን ከማውቀው ሁሉ ልቤን የሚነካው ይህ ነው፤ እነዚያ ሴቶች የትኛው ቀለበት እንደሚመዘንና የትኛው እንደማይመዘን ለይተው ያውቁ ነበርና።

ያ ወርቅ የተሰበሰበለት ጦርነት ባሌም ደርሷል። የባሌ ገዥ የነበሩት ደጃዝማች በየነ መርዕድ በደቡብ ግንባር ተዋግተው፣ ተይዘው፣ በየካቲት 1929 ዓ.ም. ተገደሉ። ባለቤታቸው ልዕልት ሮማነወርቅ ኃይለ ሥላሴ ከልጆቻቸው ጋር ተማርከው ወደ አዚናራ ደሴት ተጋዙ፤ በ1933 ዓ.ም. መጀመሪያም በቶሪኖ ከተማ በግዞት እንዳሉ አረፉ። የሮም ሚስቶች ቀለበታቸውን አውልቀው ያስታጠቁት ጦር ከባሌዋ ሚስት ባሏን ነጠቀ። ይህን የምናገረው እነዚያን ሴቶች ለመክሰስ አይደለም፤ በቤት ውስጥ የሚቀመጥ 3 ወይም 4 ግራም ወርቅ ከቤት ወጥቶ የት ሊደርስ እንደሚችል ለማሳየት ነው።

አሁን ወደ አያቴ ቀለበት ልመለስ። ከወረራው ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በሐምሌ 1927 ዓ.ም.፣ ጣሊያን የማሪያ ቴሬዛን ብር መምቻ ቅርጽ ከኦስትሪያ ተረክባ ነበር። የኢትዮጵያ ሕዝብ የሚያምነው ጠገራን በመሆኑ የሮም ማተሚያ ጠገራ እየመታ ለዘመቻው ያቀርብ ጀመር። ስለዚህ በዚያው ሰሞን በሮም ቀለበት ቀልጦ ጡብ ሲሆን፣ ከሮም የመጣው ጠገራ ደግሞ በእኛ አንጥረኞች እጅ ቀልጦ ቀለበት ሊሆን ይችል ነበር። አያቴ ያገባችው ያ ብር በገበያ ላይ እያለ ነው። በጣቷ የነበረው የቪየና ብር ይሁን የሮም፣ የቀለጠ ብር ምስክርነት አይሰጥም። እኔን መልስ ያሳጣኝም ይህ ነው። እንደ ታሪክ ምሁር ቀለበቷ እንዳለች እንድትቆይ እሻለሁ፤ አንድ ጊዜ ከቀለጠች አትነበብምና።

ይህን ሁሉ ለልጄ ነገርኋት። ሰምታ ስትጨርስ፣ «አባዬ፣ እርሷም እኮ ቀልጣ የተሠራች ናት። እኔ የምፈልገው የማደርጋት ቀለበት እንጂ የሙዚየም ዕቃ አይደለም» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ጠገራ ቀልጦ ቀለበት፣ ቀለበት ተሽጦ እህል፣ እህል አልፎ ደግሞ ሌላ ቀለበት መሆኑ የአያቴ ዘመን ልማድ ነው፤ ልጄ ከእኔ ይልቅ ለአያቴ ቀርባለች። ስለዚህ ተስማማሁ። ውፍረቱ 1.5 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ 3.8 ግራም ይሆናል፤ የሚጨመረው ብር ከ1 ግራም አይበልጥም። ቀሪው የአያቴ ነው።

ከመቅለጧ በፊት ግን አንድ ነገር አደረግሁ። ክብደቷን፣ ስፋቷን፣ የሳሳውንና ያልሳሳውን ጎኗን ለክቼ፣ ማን በየት ከተማ እንዳደረጋት ጽፌ፣ ፎቶ ግራፏንም አነሣሁ። ለተማሪዎቼ የምተወውም የቤት ሥራ ይኸው ነው። በሮቤ፣ በጎባ፣ በጎሮና በጊኒር በየእናቶቻችሁና በየአያቶቻችሁ ጣት ላይ ያለው ብር በየጥሩ ወደ ወርቅ ቤት እየገባ ነው። አታቅልጡት ለማለት ሥልጣን የለኝም። ነገር ግን ሂዱና ጠይቋቸው፤ ስንት ጠገራ እንደ ወጣበት፣ በክፉ ቀን ተሽጦ ያውቅ እንደ ሆነ፣ ተሸጦም ከሆነ ማን መልሶ እንደ ገዛው ጠይቋቸው። መዝኑት፤ ጻፉት። ከዚያ በኋላ ይቅለጥ።

ወርቅ ቤቱም «ስንት ግራም ይሁን?» ብሎ ሲጠይቃችሁ፣ ለዕድሜ ልክ የሚበቃውን ያህል በሉት።