አንቺሆዬና ሦስቱ ክሮች

በገና ዕለት ላሊበላ የተገኘ ሰው በቤተ ማርያም «ቤዛ ኩሉ» ሲዘመር ሰምቷል። ካህናቱ ከፊሎቹ ከላይ በቋጥኙ አፋፍ፣ ከፊሎቹ ከታች በግቢው ቆመው እየተቀባበሉ ያዜማሉ። ድምፁ የብዙ ሰው ነው፤ ዜማው ግን አንድ ነው። የላስታ አዝማሪም በባለ አንድ ጅማት ማሲንቆው የሚከተለው የሚዘፍነውን ዜማ ነው። ሦስት የተለያዩ ድምፆችን ባንድ ጊዜ አሰምቶ ኮርድ መሥራት ለደጋው ሙዚቃ እንግዳ ነበር።

እንግዳው የገባው ከባሕር ማዶ መሣሪያዎች ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ያገኟቸው አርባ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር አዲስ አበባ ገቡ። የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1955 በተከፈተው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ሀገርኛ ዜማዎችን ለኦርኬስትራ አቀናበሩ።

ኮርድ ሲጨመር ቅኝቱ ይደምቃል ወይስ ይጠፋል? ስጋቱ ከንቱ አይደለም። ቅኝቱ ያለው አምስት ድምፅ ነው፤ ከውጭ የመጣ ኮርድ ስድስተኛና ሰባተኛ ድምፅ ይዞ ሲገባ ጆሮ መንገዱን ይስታል። ሙላቱ አስታጥቄም እ.ኤ.አ. በ1966 ኒው ዮርክ ውስጥ ሸክላ ሲያስቀርጹ የታገሉት ከዚሁ ጥያቄ ጋር ነው።

ወሎ የቅኝት አገር ነው፤ አምባሰልና ባቲ የተባሉት ቅኝቶች ስማቸው የወሎ ቦታዎች ስም ነው። ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች ለጀማሪ ጆሮ አስቸጋሪው ግን አንቺሆዬ ነው። የሙዚቃ መምህራን በኖታ ሲያሰፍሩት ዶ፣ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ሶል፣ ላ ይሆናል። እስቲ ርቀቱን እንቁጠር። ከሬው እስከ ፋ አራት ግማሽ ድምፅ፣ ከፋ እስከ ላ አራት፣ ከላ እስከ ላይኛው ሬ ደግሞ አራት። ፈረንጆቹ ኦግመንትድ የሚሉት፣ ማረፊያ ያጣ የሚመስለው ኮርድ ይኸው ነው። ከአራቱ መካከል እርሱን በሆዱ የያዘ አንቺሆዬ ብቻ ነው።

ፖርቱጋሎች እ.ኤ.አ. በ1879 ከማዴራ ወደ ሃዋይ ከወሰዱት ትንሽ መሣሪያ የተወለደውን ኡኩሌሌን የሚማር ሰው ይህን ኮርድ ለማግኘት ጣቶቹን ያጣምማል። አንዱን ቅርጽ ካወቀ በኋላ ግን እጁን በአራት ቤት ከፍ ቢያደርገው ያንኑ ኮርድ መልሶ ያገኘዋል፤ ሦስቱ ርቀቶች እኩል ናቸውና። የኛ ክራር መቺ ይህ ሁሉ አያሻውም። ክራሩን አንቺሆዬ ቃኝቶ፣ ዶንና ሶልን በግራ እጁ ጣቶች አፍኖ ይግረፈው፤ ሦስቱ ክሮች ራሳቸው ይናገራሉ። እርግጥ ክራር በጆሮ እንጂ በፒያኖ ስለማይቃኝ ርቀቶቹ በሚዛን የተለኩ ያህል እኩል አይሆኑም። ጣዕሙም እዚያው ላይ ነው።

እንግዲህ ሁሉም ኮርድ የቅኝት ጠላት አይደለም። ከውጭ ከመበደር በፊት ቤት ያለውን ክር መዳሰስ ይበጃል።