ወርቅ አይሰጣም

በ2010 ዓ.ም. የበጋ ወራት ከአዲስ አበባ ተነሥቼ፣ ደጀን ላይ ከማርቆስ መንገድ ወደ ቀኝ ታጥፌ፣ ወደ ሞጣ እጓዝ ነበር። የምሄደው አጎቴን ይቅርታ ለመጠየቅ ነው። ጥፋቴን ኋላ እናገራለሁ፤ አንባቢ ለጊዜው ይታገሠኝ። የተሳፈርሁበት አውቶቡስ ጎማው ፈነዳና ብቸና ላይ ለማደር ተገደድሁ። ይህ ጽሑፍ የተጠነሰሰውም በዚያች አዳር ነው።

አመሻሹ ላይ እግሬን ላፍታታ ስዞር አንዲት ጠባብ ሱቅ አገኘሁ። ባለሱቁ ደብተር፣ እስክሪብቶና የሞባይል ካርድ ይሸጣል። ከመደርደሪያው ጀርባ ግን በካርቶን የታጨቁ አሮጌ መጻሕፍት ነበሩ። በደርግ ዘመን ለአንድ ሌሊት፣ ለሁለት ሌሊት እያለ ያከራያቸው እንደነበር ነገረኝ። መምህራን ለክረምት አዲስ አበባ ሄደው ሲመለሱ ያመጡለታል፤ አንዱ መጽሐፍ ገጹ እስኪረግፍ አምስት ስድስት ዓመት ይዞራል። ካኪ ወረቀት የለበሰ አንዱን መዘዝሁ። የበዓሉ ግርማ «ደራሲው» ነበር። ታሪኩን ስለማውቀው የሳበኝ ኅዳጉ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ሲራክ በተጠቀሰበት ገጽ ጠርዝ ላይ አንድ አንባቢ በእርሳስ «ስብሐት ነው» ብሎ ጽፏል። ከሥሩ ሌላ እጅ በሰማያዊ እስክሪብቶ «አይደለም፤ ራሱ በዓሉ ነው» ይላል። ሦስተኛው፣ የእጅ ጽሑፉ ከሁለቱም የሚያምረው፣ «ማንም ይሁን፤ ወደ ንባብህ!» ሲል ገሥጿቸዋል።

ስስቅ ባለሱቁም ሳቀ። «ሰው ይከራየው የነበረ መጽሐፉን መሰለህ? ክርክሩን ነው እንጂ» አለኝ።

«ደራሲው» የታተመው በ1972 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በአማርኛ ልቦለድ ውስጥ ባላባቱንም፣ ተማሪውንም፣ አፍቃሪውንም አይተናል። ደራሲ የሚባለውን ፍጡር ግን ከነጭንቀቱ፣ ከነጉድለቱና ከነባዶ ወረቀቱ አቁሞ «ይኸውላችሁ!» ያለን መጽሐፍ ከ«ደራሲው» በፊት ስንት አለ? ዘመኑ ራሱ ልብ ሊባል ይገባዋል። ብሔራዊው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረው በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ነው። በየቀበሌው ትልልቅ ሰዎች «ሀ ሁ» በሚሉበት ወራት፣ የፊደሉ አገር ከተሜ ደግሞ «ለመሆኑ መጽሐፍ የሚጽፈው ሰው እንዴት ያለ ነው?» የሚል ጥያቄ በእጁ ገባለት። ሲራክ የተቀዳው ከስብሐት ገብረ እግዚአብሔር ነው የሚለው እምነት ያኔም ነበረ፤ ዛሬም አለ። በዓሉና ስብሐት ሁለቱም ጋዜጠኞች ነበሩ፤ ይተዋወቃሉ። የስብሐት ጽሑፎች ያን ጊዜ በብዛት የሚገኙት በመጽሔት ገጾች ላይ ስለነበር፣ ብቸና ላይ መጽሐፍ የሚከራይ ሰው ስብሐትን ከማንበቡ በፊት ስለ ስብሐት አነበበ ማለት ይቻላል። የምግቡን ሽታ ከወጡ አስቀድሞ እንደማግኘት ነው።

የእኛ የከተማ ሐያስያን እንዲህ ያለውን አነባበብ ይንቁታል። ልቦለድ ልቦለድ ነው፣ «ይህ እገሌ ነው፣ ያች እገሊት ናት» እያሉ ማሳደድ የሰፈር ሐሜት ነው ይላሉ። እኔም ጋዜጠኝነት ስማር እንዲሁ ተምሬ፣ ለብዙ ጊዜም እንዲሁ አምኜ ነበር። የብቸናውን ኅዳግ ካየሁ ወዲህ ግን ተጠራጠርሁ። እነዚያ ሦስት አንባቢዎች የተቀመጡት የት ነው? ዲማ ጊዮርጊስ ከከተማቸው ብዙም አይርቅም። ዋሸራና ጎንጅ፣ ከቅኔ ቤቶች ሁሉ ስማቸው የሚጠራው፣ የዚያው የጎጃም ናቸው። የቅኔ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ከየመንደሩ ቁራሽ እየለመነ የሚያድርበት አገር ነው። እንዲህ ባለ አገር ያደገ ሰው ድርሰት ሲሰማ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ወርቁ የት አለ?» ብሎ ነው። ይህን ሐሜት የሚለው የአገሩን ትምህርት ያልቀመሰ ብቻ ይመስለኛል።

ሰምና ወርቅ የሚለው ስያሜ የመጣው ከአንጥረኛ ቤት ነው። አንጥረኛው ቅርጹን በሰም ይሠራል፣ በጭቃ ይለብጠዋል፣ ያግለዋል፤ ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ ወርቁ በቦታው ይፈስሳል። በቅኔ ቤትም ተማሪው ከጉባኤ ቃና፣ ከሁለት ቤቷ፣ ይጀምራል። ሜዳ ወርዶ፣ ከዛፍ ሥር ተጋድሞ ሲቆጥር ይውልና ለመምህሩ ያቀርባል። የትናንቱን ዛሬ መድገም ነውር ነው፤ የሌላውን ማቅረብማ አይነሣ። ቃሉንም ልብ በሉልኝ፦ አዲስ ቅኔ በቃሉ ወዲያው ያፈለቀ ሰው «ቅኔ ዘረፈ» ይባላል። ዛሬ በእኛ የኅትመት ሠፈር ዝርፊያ የሰው ድርሰት መውሰድ ነው፤ እዚያ ግን ዘራፊ የሚባለው ከራሱ የሚያፈልቀው ነው። በበዓል ቀን ሊቁ በቤተ ክርስቲያን ቆሞ ቅኔውን ሲያቀርብ፣ የገባው «ይበል! ይበል!» ይላል። ያልገባው ዝም ይላል። ደራሲው እዚያው ቆሟል፤ ፍርዱን በጆሮው ይሰማል። ማተሚያ ቤት የለም፣ አሳታሚ የለም፣ ብዙው ቅኔም ሳይጻፍ ከሰሚው ጋር ወደ ቤቱ ይሄዳል።

የታተመ መጽሐፍ ሲመጣ ይህ ሁሉ ተለወጠ። ደራሲው አዲስ አበባ ነው፤ «ይበል» ቢሉት አይሰማም። እንግዲህ እርሳሱን ያነሡት ለዚህ ይመስለኛል።

እዚያው አካባቢ ከ«ደራሲው» በፊት ሌላ ታላቅ የንባብ ወግ ነበር። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ሲወጣ ታሪኩ የጎጃም ነው፤ በዛብህ የማንኩሳ ልጅ፣ የፊታውራሪ መሸሻ ቤትም ዲማ። መጽሐፉን ፊደል ያልቆጠረውም አወቀው፤ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ በተረከው ጊዜ አንድ ሬዲዮ ላለው ቤት መንደሩ ሁሉ እንግዳ ሆነ። ባለሱቁ እንደነገረኝ በልጅነቱ ከዲማ ለገበያ የሚመጡ ሽማግሌዎች የፊታውራሪ መሸሻ ቤት «እዚያ ጋ ነበር» እያሉ በዘንግ ይጠቁሙ ነበር። ሁለት ሽማግሌዎች ደግሞ በሁለት አቅጣጫ ይጠቁማሉ። ሐዲስ ራሳቸው የዚያ አገር ልጅ፣ የዚያ አገር ተማሪ ናቸውና ሰው ቢጠረጥር አይፈረድበትም። በእነዚያ ጠቋሚዎች ላይ የደረሰ ጉዳት ግን የለም። ባላባቱ ቢኖሩም ዘመናቸው አልፏል።

በ«ኦሮማይ» ላይ የሆነው ሌላ ነው። በዓሉ የአዲስ ዘመን ዋና አዘጋጅ ሆኖ የሠራ፣ በማስታወቂያ ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪነት የደረሰ ሰው ነው። የ1974 ዓ.ም.ን የቀይ ኮከብ ዘመቻ አሥመራ ሆኖ አይቷል። በ1975 ዓ.ም. ኩራዝ አሳታሚ ያወጣለት መጽሐፍ ባለታሪክም ጋዜጠኛ ነው፦ ጸጋዬ ኃይለ ማርያም፣ ለዘመቻው ቅስቀሳ የተሰማራ የብዕር ሰው። ስለዚህ «ኦሮማይ»ን ብዙዎች የጦርነትና የፍቅር መጽሐፍ ቢሉትም፣ እኔ ከ«ደራሲው» ጎን አስቀምጠዋለሁ፤ መንግሥት ቀለብ እየሰፈረለት የሚጽፍ ሰው ምን ይጽፋል የሚለውን ይጠይቃልና። አንባቢው እንደ ልማዱ ወርቁን ፈለገ። በዚህ ጊዜ ግን ፈላጊው የብቸና መምህር ብቻ አልነበረም። ሥልጣን ላይ የነበሩትም መጽሐፉን ገልጠው ራሳቸውን ፈለጉ፤ አገኙም። መጽሐፉ ከገበያ ተለቀመ። በዓሉ ከሥራው ተባረረ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም፤ መቃብሩ እንኳ አልታወቀም።

ባለሱቁ «ኦሮማይ»ን ያከራየው ከደርግ ውድቀት በኋላ፣ መጽሐፉ እንደገና ሲታተም ነው። ከዚያ በፊት አንዲት ቅጂ ብቸና መግባቷን ሰምቶ ነበር፤ «ማን ዘንድ እንዳለች ብጠይቅ ማን ይነግረኛል? እኔስ ማወቁ ምን ያደርግልኛል?» አለኝ። በካርቶኑ ውስጥ ያለውን የ«ኦሮማይ» ቅጂም ገለጥሁት። ኅዳጉ ንጹሕ ነው። በ«ደራሲው» ላይ የተከራከሩት እጆች እዚህ አንዲት ፊደል አልጣሉም።

ይህ የእኛ ብቻ ዕዳ እንዳይመስለን። ጀርመናዊው ቶማስ ማን በእ.ኤ.አ. 1901፣ ገና በ26 ዓመቱ፣ «ቡደንብሩክስ» የተባለውን ልቦለድ ሲያሳትም፣ የትውልድ ከተማው የሉቤክ ሰዎች የትኛው ገጸ ባሕርይ የትኛው ጎረቤት እንደሆነ የሚያሳይ ዝርዝር አዘጋጅተው ተቀባበሉት። እሱም በ1906 «ሰውን ከሕይወት መውሰድ መብቴ ነው» የሚል መንፈስ ያለው መከራከሪያ ጻፈ። አጎቱ ፍሪድሪክ ግን በክርክሩ የተረታ አይመስልም። መጽሐፉ ከወጣ ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ1913፣ በከተማው ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ አስነግሮ የወንድሙን ልጅ የገዛ ጎጆዋን በምታቆሽሽ ወፍ መሰለው። አሥራ ሁለት ዓመት ቂም መያዝ ቀላል አይደለም።

ይህን ታሪክ ሳነብ ላብ ያሰመጠኝ አጎት የሚለው ቃል ነው።

ዲፕሎማዬን በያዝሁ ማግስት አንዲት አጭር ልቦለድ ጽፌ በአንዲት ትንሽ መጽሔት ላይ ወጥታልኝ ነበር። ባለታሪኩ ሞጣ ውስጥ የሚኖር፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ከእርሷ ሞት በኋላ ገበያ እየወጣ የማይገዛውን ዕቃ ዋጋ የሚጠይቅ ሽማግሌ ነው። ስሙን ለውጫለሁ፤ ሥራውንም ለውጫለሁ። አካሄዱን፣ ሳሉን፣ ከንግግሩ በፊት ኮፍያውን የሚያነሣበትን አኳኋን ግን ሳላስበው እንዳለ ከአጎቴ ወስጃለሁ። መጽሔቷን አንዱ ዘመድ ሞጣ አደረሳት። አጎቴ ሁለት ዓመት ሙሉ አላናገረኝም። ስልክ ስደውል ባለቤቱ ታነሣና «ደኅና ነው፤ ግን አልጠራውም» ትለኛለች። የምትናገረኝ እንግዲህ በድርሰቴ የገደልኋት ሴትዮ ናት።

በማግሥቱ ሞጣ ስደርስ ሽማግሌ ይዤ ሄድሁ፤ የጎረቤታቸውን የቅኔ መምህር፣ የኔታን። አጎቴ ቡና ተፈልቶ ሁለተኛው እስኪቀዳ ዝም አለ። ከዚያ ኮፍያውን አነሣና «አንተ ልጅ፣ እኔንስ እንዳሻህ አድርገኝ። እሷን ለምን ገደልኻት?» አለኝ። የማደርገው ጠፋኝ። ልቦለድ መሆኑን፣ ለታሪኩ አስፈላጊ መሆኑን ልናገር አፌን ከፈትሁና ባለቤቱ ረከቦቱ አጠገብ ተቀምጣ ስኒ ስታጥብ ሳያት ዘጋሁት።

የኔታ ጽሑፌን አስነበቡኝ። ዓይናቸው ደክሟልና ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ያችኑ ሴትዮ ፊት፣ ሞቷን አነበብሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ንባብ አልገጠመኝም። ስጨርስ ለጥቂት ጊዜ ጭራቸውን ሲያወዛውዙ ቆዩ።

«አካሄዱን አመጣኸው» አሉ። «ሳሉንም አመጣኸው። ይኸ ይበል ነው። ግን ልጄ፣ ወርቁን ደጅ ላይ አሰጣኸውሳ! የሚሰጣ እህል ነው፤ ወርቅ አይሰጣም።»

«የኔታ፣ ስሙን ለውጨ ነበር እኮ» አልሁ።

«ስም ሰም አይሆንም» አሉኝ።

በዚህ ጊዜ የሳቀችው የአጎቴ ባለቤት ናት። አጎቴም እሷን አይቶ ፈገግ አለ። ተነሥቼ ጉልበቱን ሳምሁ፤ እርቁ አለቀ። ስመለስ ብቸና ላይ ወርጄ ያን «ደራሲው» ለመግዛት ብጠይቅ ባለሱቁ «አልሸጠውም፤ ከፈለግህ ለአንድ ሌሊት ልከራይህ» አለኝ። አውቶቡሱ አልጠበቀኝም ነበርና ተውሁት።

ከዚያ ወዲህ ሞጣ ደጋግሜ ሄጃለሁ። አጎቴ ጉንጬን ስሞ ይቀበለኛል፤ ምሳ ያበላኛል፤ ስለ አዲስ አበባ ኑሮ ይጠይቀኛል። ስለ ቤቱ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ሕመሙ የጀመረው ወሬ ካለ ግን መሐል ላይ ትዝ ሲለው ያቆማል። እጄን ያያል፤ እስክሪብቶ እንደሌለ ያረጋግጣል። ከዚያ እስክነሣ ድረስ የሚያወራኝ ስለ ዝናቡ ብቻ ነው።