መንገዱን ወስዶ ድርቆሽ መስጠት

የተራበን ማብላት መልካም ሥራ መሆኑን የሚክድ የለም። ነገር ግን ርኅራኄ ዕውቀት ሲጐድለው ምን እንደሚያስከትል የሚያስተምር አንድ ታሪክ አለና፣ ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ልብ ብለህ ተመልከት።

በአሜሪካ አገር በዋዮሚንግ ግዛት፣ ጃክሰን ሆል የሚባል በተራሮች የተከበበ ሸለቆ አለ። በዚያ አገር ክረምት ማለት በረዶ ምድርን የሚሸፍንበት ወራት ነው። ኤልክ የተባሉት ታላላቅ አጋዘኖች በጋውን በተራራው ላይ ሲግጡ ቈይተው፣ በረዶው ሲበረታ ወደ ሸለቆው ይወርዱ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1880ዎቹ ዓመታት ወዲህ ግን ሰፋሪዎች መጥተው ሸለቆውን ያዙ፤ አጥር አጠሩ፤ ሣሩንም እያጨዱ ለከብቶቻቸው ድርቆሽ ከመሩ። አጋዘኖቹ እንደ ልማዳቸው ሲወርዱ የጠበቃቸው አጥርና የሰው ክምር ሆነ።

በ1909ና በ1911 መካከል በነበሩት ብርቱ ክረምቶች እጅግ ብዙ ኤልኮች በረኀብ አለቁ። ሰፋሪዎቹም ተጨነቁ፤ ድርቆሹን ቢሰጡ የገዛ ከብቶቻቸው ሊራቡ ነው፤ ቢከለክሉ እንስሶቹ በደጃፋቸው ሲሞቱ ሊያዩ ነው። እስቲቨን ሊክ የተባለ ከብት አርቢ የእንስሶቹን መከራ ፎቶግራፍ እያነሣ ለሕዝብ አሳየ። በ1911 የአገሩ ምክር ቤት 20,000 ዶላር ፈቀደ፤ በ1912ም ለኤልኮቹ መጠጊያ የሚሆን መሬት ተለየ።

ከዚያ ወዲህ በብዙ ክረምት ኤልኮቹ በሰው እጅ እየተቀለቡ ከረኀብ ዳኑ። ዳሩ ግን በዱር ተበታትኖ የሚግጥ እንስሳ በአንድ ስፍራ ሲሰበሰብ የአንዱ በሽታ ለሁሉ ይተርፋል። ጽንስ የሚያስወርደው ብሩሴሎሲስ በመካከላቸው ተስፋፋ። በ1967 ደግሞ በኮሎራዶ ግዛት፣ አጋዘንን እያከሳ የሚገድል፣ መድኀኒት የሌለው፣ መርዙም በአፈር ውስጥ ለዓመታት የሚቈይ በሽታ ታየ። በ2020 ይኸው በሽታ ከመጠጊያው አጠገብ ባለው በግራንድ ቴተን ብሔራዊ ፓርክ በአንድ ኤልክ ላይ ተገኘ። ስለዚህም ብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ሰው በገዛ መሬቱ ላይ እንኳ አጋዘን መቀለቡን ከልክለዋል ወይም በሕግ ገድበዋል። ደግሞም በክረምት ቅርንጫፍ መብላት የለመደ አጋዘን ድንገት ብዙ በቆሎ ቢሰጡት ሆዱ ታውኮ ሊሞት ይችላል።

አባቶቻችን «በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» ይላሉ። በዚህ ታሪክ ግን ገደሉን ሳያይ የቀረው ሣሩን የሰጠው ሰው ነው።

ታዲያ ድርቆሽ የሰጡት ሰዎች ክፉ ሠሩ እንበልን? አንበል። በደጁ የሚሞተውን አይቶ ዝም ካለው ይልቅ የሰጠው ይሻላል። ስሕተቱ ስጦታውን እንደ ዕዳ ክፍያ መቍጠር ነው። እንስሶቹ አስቀድመው ያጡት መንገዳቸውንና የክረምት መሰማሪያቸውን ነበርና። ስለዚህ፣ ወጣት ሆይ፣ የተቸገረ ሲያጋጥምህ እጅህን አትሰብስብ፤ ነገር ግን «ምን ልስጠው?» ከማለትህ ጋር «ምን ወስጄበታለሁ?» ብለህ ራስህን ጠይቅ።