ከውድቅዳቂ ብረት የተሠራች ሮኬት፦ የበርሊን አማተሮችና የመለዋወጫው ባለቤት



ዛሬ የምናገረው ስለ አንዲት ትንሽ ሮኬት ነው። ስሟ «ሚራክ» ይባላል፤ «አነስተኛ ሮኬት» የሚል ትርጉም ካለው የጀርመንኛ ቃል አሳጥረው ያወጡላት ስም ነው። የሠሯት ሰዎች ቋሚ ገቢም ሆነ ፋብሪካ አልነበራቸውም፤ አብዛኛውን ዕቃ ያገኙት በልመና፣ በልውውጥና በመልቀም ነው። በታሪክ አስተማሪነቴ የምጠይቀው ግን እንዲህ የሚል ነው፦ በ1930 ከውድቅዳቂ ብረት የተጀመረ ሥራ በ14 ዓመት ውስጥ ለንደንን የሚደበድብ መሣሪያ የሆነው በምን መንገድ ነው? የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከመጽሐፍ ነው። ሄርማን ኦበርት በ1923 ባሳተመው ሥራው ሮኬት ከምድር ከባቢ አየር ውጭ ሊበር እንደሚችል በሒሳብ አሳየ። ያንን ያነበቡ ሰዎች ሐምሌ 5 ቀን 1927 በብሬስላው ከተማ፣ በዛሬዋ የፖላንድ ቭሮትስዋፍ፣ የጠፈር ጉዞ ማኅበር መሠረቱ። ከአባላቱ መካከል መሐንዲሱ ሩዶልፍ ኔበል፣ የእጅ ሞያተኛው ክላውስ ሪድል፣ ጸሐፊው ቪሊ ላይ፣ በኋላም ገና የ18 ዓመት ወጣት የነበረው ቬርነር ፎን ብራውን ይገኙበታል።

ሚራክ የተሠራችው ካለው ነገር ነው። አናቷ የፈሳሽ ኦክስጅን ማጠራቀሚያ ነበር፤ ከመዳብ የተበጀው የማቃጠያ ክፍል በዚያው ኦክስጅን ተከብቦ እንዲቀዘቅዝ ተደረገ። ጭራዋ ረጅምና ቀጭን የአሉሚኒየም ቱቦ ሲሆን ቤንዚን ይይዛል። ቤንዚኑን ወደ ማቃጠያው የሚገፋው ደግሞ በዘመኑ በየቤቱ ሶዳ ውኃ ለማዘጋጀት ያገለግል የነበረው ትንሽ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀፎ ነበር። ለሮኬት ተብሎ የተመረተ ዕቃ ገበያ ላይ ስላልነበረ፣ ለሌላ ሥራ የተፈጠረውን ዕቃ አዲስ ሥራ ማስተማር ግድ ነበር።

የመጀመሪያዋ ሚራክ ግን አልበረረችም። በ1930 መስከረም፣ በሳክሶኒ ገጠር በበርንሽታት በተደረገ ሙከራ ፈነዳች። ተከታይዋም በ1931 ጸደይ የደረሰባት ዕጣ ያው ሆነ። ኦክስጅኑ ማቃጠያውን ያቀዘቅዛል ሲባል፣ ማቃጠያው ኦክስጅኑን አሞቀው፤ የሞቀው ፈሳሽ ወደ ጋዝነት ሲለወጥ ግፊቱ ከማጠራቀሚያው አቅም በላይ ሆነ። ከዚህ የተገኘው ትምህርት ቀላል ቢመስልም ወሳኝ ነበር፤ ሞተሩንና የኦክስጅኑን ማጠራቀሚያ ለያዩአቸው፣ ሞተሩንም በውኃ አቀዘቀዙት። ሪድል በዚህ መልክ ያዘጋጀው መሞከሪያ ግንቦት 10 ቀን 1931 ሳይታሰብ ከመሬት ተነሥቶ 18 ሜትር ያህል ወጣ። ከአራት ቀን በኋላ የተሻሻለው ሮኬት ወደ 60 ሜትር ደረሰ።

እዚህ ላይ ወደ ሥፍራው እንመለስ። ማኅበሩ መስከረም 27 ቀን 1930 በበርሊን ሰሜናዊ ዳርቻ በራይኒከንዶርፍ የተተወ የጥይት ማከማቻ ግቢ በስም ብቻ በሚባል ኪራይ አገኘና «የሮኬት አየር ማረፊያ» ብሎ ሰየመው። ዘመኑ የታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ነበር። ሥራ አጥ የነበሩ በያጆች፣ ቆርቆሮ ሠራተኞችና ኤሌክትሪክ ሠራተኞች ማደሪያ ስላገኙ ብቻ በግቢው እየኖሩ ያለ ደመወዝ ይሠሩ ነበር። ላይ በኋላ እንደጻፈው፣ ኔበል ከአንድ ድርጅት በነፃ ያገኘውን የብየዳ ሽቦ ለአንድ ብየዳ ቤት አስረክቦ በምትኩ የበያጅ ጉልበት ያገኝ ነበር። የሚያስፈልገውን ባይሰጡት፣ የሰጡትን ወስዶ ወደሚያስፈልገው ይለውጠዋል ማለት ነው።

ይህ ታሪክ እስከዚህ ድረስ ደስ ያሰኛል፤ ብዙ ጊዜም የሚነገረው እስከዚህ ድረስ ብቻ ነው። እኔ ግን አንድ ጥያቄ እጨምራለሁ፦ መለዋወጫው የማን ነበር?

ግቢው ቀድሞ የጦር ሠራዊት የጥይት ማከማቻ ነበር። ኔበል ራሱም ጦር ሠራዊቱ መጥቶ እስኪጠይቀው አልጠበቀም፤ ሮኬት ለረጅም ርቀት መድፍነት እንደሚያገለግል የሚገልጽ ማስታወሻ አዘጋጅቶ ወደ ወታደራዊ ባለሥልጣናት ቀርቧል። ሠራዊቱም ለመስማት ዝግጁ ነበር፤ የቬርሳይ ውል የጀርመንን ከባድ መድፍ ሲገድብ ስለ ሮኬት ያለው ነገር አልነበረም። በ1932 የማኅበሩ ሰዎች በኩመርስዶርፍ የሠራዊቱ መሞከሪያ ሜዳ ሮኬታቸውን አሳዩ። ውጤቱ የታሰበውን ያህል ባይሆንም መኮንኖቹ አንድ ወጣት ዓይናቸው ውስጥ ገባ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ፎን ብራውን በሠራዊቱ ገንዘብ መሥራት ጀመረ። በ1934 በበርሊን ዩኒቨርሲቲ ያቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍም በወታደራዊ ምስጢርነት ተቆለፈበት። ዕውቀትን ለመግለጥ የተቋቋመ ተቋም የተደበቀ ዕውቀትን በማዕረግ ሲያጸድቅ፣ ነገሩ የሮኬት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የእኛም የመምህራኑ ጉዳይ ነው።

የሮኬት አየር ማረፊያው ፍጻሜ እንደ አጀማመሩ ነው። ናዚዎች ሥልጣን ከያዙ በኋላ በግል ሮኬት መሥራት እየተከለከለ ሄደ፤ ግቢውንም የዘጋው በላይ አተራረክ ከሚያንጠባጥቡ ቧንቧዎች የተከማቸ፣ ሊከፈል ያልቻለ የውኃ ዕዳ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው በቁጥር ይነገራል። በፔነሙንደ የተሠራው ታላቅ ሮኬት ጥቅምት 3 ቀን 1942 ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳካ ሁኔታ በረረ፤ መስከረም 8 ቀን 1944 ለንደንን መታ። ሮኬቱ በብዛት የተመረተው በኖርድሃውዘን አቅራቢያ ባለ ዋሻ ውስጥ፣ በሚተልባው ዶራ ካምፕ እስረኞች ጉልበት ነው። በዚህ የካምፕ ሥርዓት ካለፉት ወደ 60,000 ከሚጠጉ እስረኞች 20,000 ያህሉ ሞተዋል። የታሪክ ጸሐፊዎች ደጋግመው እንደሚያሳስቡት፣ በሮኬቱ ከተገደሉት ይልቅ ሮኬቱ ሲመረት ያለቁት ይበዛሉ።

ይህን ታሪክ በሁለት መንገድ የሚተርኩ አሉ። አንደኞቹ «ሕልመኞች ነበሩ፤ ተታለሉ» ይላሉ። የኔበል ማስታወሻ ይህን አይደግፍም። ሌሎቹ «ከመጀመሪያውም መሣሪያ መሆኑ አይቀሬ ነበር» ይላሉ። የሰዎቹ የተለያየ መንገድ ደግሞ ይህንን ያፈርሳል። ላይ በ1935 አገሩን ጥሎ ወጣ፤ በአሜሪካም ስለ ጠፈር ጉዞ ሲጽፍ ኖሮ፣ ሰው ጨረቃን ሊረግጥ ሳምንታት ሲቀሩት በሰኔ 1969 አረፈ። ሪድል ፔነሙንደ ገብቶ ሲሠራ በ1944 በመኪና አደጋ ሞተ። ፎን ብራውን የጨረቃ ተጓዦችን ያደረሰውን ሮኬት መርቶ ሠራ። ሁሉም ያንኑ ቱቦ በየዱ፤ የተለያዩት «ቀጣዩን ቱቦ ማን ይስጠን?» በሚለው ጥያቄ ላይ ነው።

የእኔ መከራከሪያ እንግዲህ ይህ ነው፦ ድህነት ለፈጠራ ነፃነት ይሰጣል የሚለው አባባል ግማሽ እውነት ነው። ሚራክን የሠሩት ሰዎች ምንም ስላልነበራቸው ብልሃተኞች ሆኑ፤ ምንም ስላልነበራቸውም ከሚሰጣቸው ሰው ጋር ለመደራደር አቅም አጡ። የሶዳ ቀፎው ባለቤት በምላሹ የጠየቀው ነገር አልነበረም፤ የመሞከሪያ ሜዳው ባለቤት ግን ጠየቀ። 

በየቤተ ሙከራው ከተጣለ ዕቃ አንድ ነገር ለመሥራት የምትደክሙ ተማሪዎች እዚህ አዳራሽ ውስጥ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ሥራችሁን አታቁሙ። በመዝገባችሁ ላይ ግን የዕቃውን ዓይነትና መጠን ስትጽፉ፣ አጠገቡ አንድ ዓምድ ጨምሩ፤ ማን እንደሰጣችሁና በምን ውል እንደሰጣችሁ አስፍሩበት። የሚራክ ሠሪዎች ያንን ዓምድ በጊዜው ቢሞሉት ኖሮ ሁሉም የላይን መንገድ ይመርጡ ነበር ብዬ አልከራከርም። ምርጫ መሆኑን ግን አይተው ይመርጡ ነበር።