«ስትረስ ነው ዶክተር»

ዛሬ ስለ አንድ መድኃኒት ሳይሆን በየቀኑ ስለምንጠራው አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ላውጋችሁ። «ምን ያምዎታል?» ስል ብዙ ጊዜ የማገኘው መልስ «ምንም አይደል፣ ስትረስ ነው» የሚል ነው። እኔ የጠየቅኩት ምልክቱን ነበር፤ የተነገረኝ ግን የምርመራው ውጤት ነው!

ቃሉ ወደ ሕክምና ከመግባቱ በፊት የመሐንዲሶች ነበር። ከባድ መኪና በድልድይ ላይ ሲያልፍ ብረቱ ላይ የሚያርፈው ጫና «ስትረስ» ሲባል፣ በዚያ ጫና ብረቱ መለጠጡ ወይም መጉበጡ ደግሞ «ስትሬይን» ይባላል። ወደ ሰው አካል ያመጣው ካናዳ፣ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው የቪየና ተወላጅ ሐኪም ሃንስ ሰልዬ ነው። አዲስ ሆርሞን ያገኘ መስሎት አይጦችን ከእንስሳት እንቁልጢ የተጨመቀ ፈሳሽ ይወጋቸዋል። ጨጓራቸው ቆሰለ፤ ከኩላሊታቸው በላይ ያሉት እጢዎችም አበጡ። ደስ አለው። ነገር ግን ሌላ ነገር ሲወጋቸውም፣ ብርድ ላይ ሲያቆያቸውም ውጤቱ ያው ሆነ። ሆርሞን የተባለው ነገር ቀረ። እሱ ግን ሰውነት ለልዩ ልዩ ጉዳት አንድ ዓይነት ምላሽ እንደሚሰጥ ተረዳ፤ እ.ኤ.አ. በ1936 ኔቸር በተባለው መጽሔት አሳተመው። ኋላ ላይ ይህን ምላሽ «ስትረስ» አለው። እንግሊዝኛዬ የተሻለ ቢሆን ኖሮ «ስትሬይን» እለው ነበር ብሎ ራሱ አምኗል።

እናም ቃሉ ገና ከጅምሩ ጫናውንና ጉዳቱን ያደባለቀ ነው። እኛማ ጭንቀት፣ ውጥረት፣ ጫና፣ ሐሳብ እያልን ለየብቻ የምንጠራቸው ቃላት ነበሩን፤ አሁን ሁሉንም «ስትረስ» ዋጣቸው።

ሐኪሞችም ተሳስተንበታል። የጨጓራ ቁስለት ለብዙ ዓመታት በስትረስ ይሳበብ ነበር። አውስትራሊያውያኑ ዋረንና ማርሻል አብዛኛውን ጊዜ መንስኤው ኤች ፓይሎሪ የተባለ ባክቴሪያ መሆኑን ሲናገሩ የሰማቸው ጥቂት ነው። ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ጨጓራው ተቆጣ (እባካችሁ እናንተ አትሞክሩት!)። በ2005 ሁለቱም ኖቤል ተሸለሙ።

ስትረስ ውሸት ነው እያልኩ አይደለም። ሲቆይ እንቅልፍ ይነሳል፤ የደም ግፊትንና ስኳርን ያባብሳል። ነገር ግን አንዲት እናት ልባቸው እየመታ፣ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ፣ እየከሱ «የልጆቹ ሐሳብ ነው» ብለው ዓመት ሙሉ ቤት ተቀምጠው መጡ። በደም ምርመራ የታይሮይድ ሆርሞናቸው ከልክ በላይ ሆኖ ተገኘ። መድኃኒት አለው።

ስለዚህ ሐኪም ፊት ስትቀርቡ «ስትረስ» የሚለውን ለመጨረሻ አቆዩት። ምን እንደሚሰማችሁ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ ስንት ሰዓት እንደምትተኙ፣ ክብደታችሁ ቀንሶ እንደሆነ አስቀድሙ። ጥቁር ሰገራ፣ ደም የቀላቀለ ትውከት ወይም የደረት ሕመም ካለ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ወዲያውኑ ሂዱ።